የቪስቱላ እህልና የባሮ ቡና

«ፖላንድ የት፣ መቱ የት? የበረዶ አገር ታሪክ ለቡና አገር ሰው ምን ይፈይድለታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። አገሮችን በካርታ ላይ ባላቸው ሥፍራ ብቻ የለካናቸው እንደሆነ የሚታየን ርቀታቸው ነው። ሕዝቦችን በሚያርሱት መሬት፣ ያፈሩትን በሚወስድባቸው ወገንና ጉልበታቸው በተገበረበት ሥርዓት ያስተያየናቸው እንደሆነ ግን፣ ቪስቱላ የተባለው የፖላንድ ወንዝና የኢሉባቦርን ደጋ ውሃ ሰብስቦ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ባሮ ተመሳሳይ ታሪክ ሲናገሩ እንሰማለን። አንዱን አገር ሦስት ነገሥታት ተካፍለውት ለ123 ዓመት ከካርታ ጠፍቶ ነበር። የሌላውም ዋና ከተማ በጠላት እጅ በወደቀችበት በ1928 ዓ.ም. የመንግሥቱ ስም ተጠግቶ የቆየው በጎሬ ኮረብታ ላይ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም አገር በጭንቅ ቀን ከአራሹ እጅ የምታገኘው ከአራሹ ጋር በሰላም ቀን በነበራት ውል መጠን አይደለምን የሚል ነው።

ከመልክዓ ምድሩ እንነሣ። ፖላንድ ስፋቷ ከኢትዮጵያ ሲሶ አይሞላም። ስሟ የተገኘው «ሜዳ» ወይም «እርሻ» የሚል ፍቺ ካለው የስላቭ ቃል ነው፤ እውነትም የሜዳ አገር ናት። በደቡብ የካርፓቲያ ተራሮች፣ በሰሜን የባልቲክ ባሕር ያዋስኗታል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ጦር የሚያግድ ገደል፣ ፈረሰኛ የሚመልስ አምባ የላትም። ከካርፓቲያ የሚፈልቀው ቪስቱላ 1,047 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የጥንቱን መናገሻ ክራኮውንና የዛሬውን ዋና ከተማ ዋርሶን አልፎ፣ በግዳንስክ ወደብ አጠገብ ከባሕር ይገባል።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በዚህ ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ የሚወርደው ሀብት እህል ነበር። የምዕራብ አውሮፓ ከተሞች እየሰፉና ነዋሪያቸው እየበዛ ሲሄድ የፖላንድ እህል በግዳንስክ በኩል ወደ አምስተርዳምና ወደ ሌሎችም ገበያዎች ተጋዘ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ንግድ በሰፋ ቁጥር ጭሰኛው ነፃ ይወጣል የሚለው አስተሳሰብ በፖላንድ ከሽፏል። የእህል ዋጋ በወጣ ቁጥር መኳንንቱ ብዙ መሬት፣ ብዙም የነፃ ጉልበት ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1520 የወጣው ሕግ ገበሬው በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን በጌታው እርሻ ላይ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ደነገገ። ያ አንድ ቀን በጊዜ ብዛት ብዙ ቀን ሆነ። ገበሬው ያለ ጌታው ፈቃድ ከመንደሩ መነሣት አይችልም ነበር። አምስተርዳም ላይ እንጀራውን የቆረሰው ከተሜ ይህን ሁሉ የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚህ ወዲህ ወደ ባሮ መመለስ አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በጋምቤላ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ሥፍራ ለእንግሊዝ ተሰጠ። ክረምት ገብቶ የባሮ ውሃ ከፍ ሲል የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው እስከዚያ ይዘልቁ ነበር። የኢሉባቦር ቡናም በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ከጎሬ ተነሥቶ፣ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከመርከብ ይጫናል። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው የአስተዳደር መቀመጫ ነበረች። የውጭ ነጋዴ መጋዘን፣ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበራት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ግን ገባር ነበር። ለመልከኛው ያርሳል፣ ቤቱን ይሠራል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨቱን ይፈልጣል፣ ማሩንና እህሉን ያገባል፣ ዕቃውን ይሸከማል። ወደብ የሚያደርሰው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ለገባሩ የተረፈው ተጨማሪ ሸክም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቪስቱላ መርከበኛና የባሮ መርከበኛ ሳይተዋወቁ አንድ ሥራ ሠርተዋል።

የፖላንድ መኳንንት ከሕዝቡ ከመቶ ዐሥር የማይበልጡ ሲሆኑ «ሕዝብ» የሚለውን ስም ለራሳቸው ብቻ ይዘውት ኖረዋል። ንጉሡን የሚመርጡት እነሱ፣ ሸንጎ የሚቀመጡት እነሱ ነበሩ። በሸንጎውም አንድ አባል ብቻውን «አልፈቅድም» ብሎ ሥራውን ሁሉ ማፍረስ ይችል ነበር። አንድ መኳንንት የአገሩን ሕግ ሲያፈርስ ሚሊዮን ገበሬ ግን ስለ ገዛ ራሱ ቀን አንዲት ቃል አይናገርም። እንዲህ ያለ መንግሥት በዙሪያው ሦስት የጠነከሩ ነገሥታት በተነሡበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1772 የመጀመሪያውን ክፍል ወሰዱ። በ1793 ሩሲያና ፕሩሲያ ደገሙ። በ1795 ሦስቱም የቀረውን ተካፈሉት።

በመካከሉ የነቁ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1791 የወጣው ሕገ መንግሥት ያንን የአንድ ሰው «አልፈቅድም» ሻረ፤ የገበሬውን ቀንበር ግን አላወረደም። በ1794 በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት የተዋጋው ጄኔራል ታዴዎሽ ኮሽቹሽኮ ሲያምፅ፣ ጠመንጃ የሌላቸው ገበሬዎች ረጃጅም የአጨዳ ማጭዳቸውን እንደ ጦር ቀጥ አድርገው ተከተሉት። በራጽዋቪጼ ጦር ሜዳ በመድፍ ላይ ሮጠው መድፍ ማረኩ። ከመካከላቸው ባርቶሽ ግዎቫጽኪ የተባለው ገበሬ በጀግንነቱ ማዕረግ ተሰጠው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይጠራል። ኮሽቹሽኮ ከወር በኋላ ባወጣው አዋጅ ገበሬው በገዛ አካሉ ነፃ እንዲሆን፣ የግዳጅ ሥራውም እንዲቀነስ አዘዘ። አያሌ መኳንንት ግን አዋጁን በየርስታቸው ላይ አፍነው አስቀሩት። አገር እየፈረሰች በነበረችበት ሰዓት እንኳ የሳምንት የጉልበት ቀን ማጣት ከአገር ማጣት ይልቅ አስፈርቷቸው ነበር።

ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይመርራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1846 በኦስትሪያ ይዞታ በነበረችው በጋሊሺያ የፖላንድ መኳንንት ነፃነት ለማወጅ ሲሰናዱ ገበሬዎቻቸው አልተከተሏቸውም። ይልቁንም በታርኑቭ ከተማ ዙሪያ በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የመኳንንት ወገኖች ተገደሉ፤ ከመቶዎች የበለጡ የርስት ቤቶች ተዘረፉ። የኦስትሪያ ሹማምንት በእሳቱ ላይ ቤንዚን እንዳርከፈከፉ የታወቀ ነው። ነገር ግን የኦስትሪያ ሹም እንጨቱን አልከመረውም፤ እንጨቱ ለሦስት መቶ ዓመት በፖላንዳዊ ጌታ እጅ ሲከመር ቆይቷል። ለገበሬው «ፖላንድ» ማለት አለንጋ የያዘው የርስት አዛዥ ነበር። ባዕዱ ንጉሠ ነገሥት ከሁለት ዓመት በኋላ የግዳጅ ሥራውን ሲሽር ገበሬው ምስጋናውን ለባዕድ አቀረበ። የሩሲያም ዛር በ1863 የተነሣውን ዐመፅ ያዳከመው ዐመፀኞቹ ለገበሬው ቃል የገቡትን መሬት በ1864 ራሱ በመስጠት ጭምር ነው። ባዕድ ገዢ የራሱ ወገን የነፈገውን ለገበሬ ሰጥቶ የሚያመሰግንበት ታሪክ ከዚህ የበለጠ አሳፋሪ ሆኖ ለማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ጎሬ እንመለስ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የአገሪቱ መንግሥት በጎሬ መቀመጫውን አደረገ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በፕሬዚዳንትነት፣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በእንደራሴነት ቆሙ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና የተማሩ አርበኞች በነቀምት ያቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከራስ እምሩ ጋር ተሰለፈ። ይህ መንግሥት የቆየው ከክረምቱ ጥቂት አልፎ ነው። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች፤ ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት ወደ ከፋ አቅጣጫ አፈግፍገው በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

የነዚህን ሰዎች ጽናት አናሳንሰውም። ሆኖም ለምን ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነሥቶ አልተከተላቸውም ብሎ መጠየቅ አርበኞችን መናቅ አይደለም። በዚያው ወቅት የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ከጣሊያን ይልቅ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመሆን ጥያቄ አቅርበዋል። ይህን ጉዳይ አንዳንዶች በክህደት ስም ዘግተው ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ዛሬ ለሚፈልጉት ነገር ማስረጃ አድርገው ያነሡታል። እኛ ግን ታርኑቭን አስታውሰን እናነበዋለን። መልከኛው ዘመን ሙሉ «ገባሬ» ሲለው የኖረ ሰው በአንድ ክረምት «ወገኔ» ሲባል ቃሉን ለማመን ጊዜ ይፈልጋል። ጣሊያንም ይህን አውቆ የገባርን ሥርዓት ሽሬያለሁ እያለ ይሰብክ ነበር። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዘዴ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ በኢሉባቦር ተደገመ ማለት ነው።

ፖላንድ ይህን ሁሉ አይታ እ.ኤ.አ. በ1918 ነፃነቷን መልሳ አገኘች። የጎሬ መንግሥት ገና ሳይወድቅ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ የማኅበሩ አባል ከነበሩት አገሮች አንዷ ይህችው ፖላንድ ነበረች። ለ123 ዓመት አገር መነጠቅ ምን እንደሆነ ያየ መንግሥት ለተነጠቀች አገር ይቆማል ተብሎ ይጠበቃል። እሱ ግን በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ይነሣ ከሚሉት ወገን ተሰለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሂትለር ቼኮዝሎቫኪያን ሲቆራርጥ የፖላንድ መንግሥት የድርሻውን ቆርሷል። በዚያን ጊዜ ከፖላንድ ነዋሪ ሲሶ ያህሉ ዩክሬናዊ፣ ይሁዲ፣ ቤላሩሳዊና ጀርመናዊ እንደነበረና ብዙው እንደ እንግዳ ይታይ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 የጀርመን ጦር፣ በ17ኛው ቀን ደግሞ የሶቪየት ጦር ገቡባት። መንግሥቷ በሩማኒያ በኩል ተሰድዶ በኋላ ለንደን ተቀመጠ፤ የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት በእንግሊዝ አገር በስደት አራተኛ ዓመታቸውን በያዙበት ጊዜ መሆኑ ነው። መንግሥትና ሕዝብ አንድ አለመሆናቸውን ለማስታወስ ያህል፣ በሰሜን ጦር ግንባር በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሥር የኛን ቁስለኛ ሲያክም ቆይቶ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ የወደቀው ዶክተር ስታኒስዋቭ ቤላውም ፖላንዳዊ ነበር።

መንግሥት ያልነበራት ፖላንድ እንዴት 123 ዓመት ኖረች? አንዱ መልስ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ቭዠሽኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ የፖላንድ ሕፃናት የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ አንማርም ብለው ተገረፉ፤ ወላጆቻቸውም ለፍርድ ቀረቡ። በዋርሶም ከሩሲያ ሹማምንት ተደብቆ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዚያ ከተማሩት አንዷ ማሪያ ስክዎዶቭስካ፣ በባሏ ስም ማሪ ኩሪ፣ በ1898 ያገኘችውን ንጥረ ነገር «ፖሎኒየም» ብላ በካርታ ላይ ባልነበረች አገሯ ስም ጠራችው።

የመቱ አንባቢ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ዋርሶ መሄድ አያስፈልገውም። ከመቱ አጠገብ በሑሩሙ አካባቢ የተወለደው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጥቶ፣ በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ፣ አስቴር ጋኖ ከተባለችው እንደሱው ከባርነት ከወጣች ምሁር ጋር በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀ። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ተረጎመ። ፖላንዳውያን በቋንቋቸው የደከሙላቸውን ሰዎች ሐውልት ያቆሙላቸዋል። ከገባርነትም ከፍቶ በተሸጠ ሰው እጅ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ወደ መጽሐፍ መግባቱ ከማንኛውም የመኳንንት ገድል አያንስም ብለን እናምናለን።

ስለ ጦርነቱ በአጭሩ እንለፍ። ስድስት ሚሊዮን ያህል የፖላንድ ዜጎች አለቁ፤ ግማሾቹ ይሁዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 ዋርሶ ተነሥታ 63 ቀን ከተዋጋች በኋላ ጀርመኖች ከተማይቱን ቤት በቤት እያፈረሱ አወደሟት። በትምህርት ላይ ሳለን የአሮጌዋን ዋርሶ አደባባይ አይተናል። የጥንት የሚመስለው ቤት ሁሉ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ መሆኑን ስንሰማ መጀመሪያ አላመንንም። በ18ኛው መቶ ዓመት በተሳሉ ሥዕሎችና መምህራን ደብቀው ባቆዩት የቤቶች ንድፍ እየተመሩ ሠራተኞቹ ጡብ በጡብ መልሰው አቆሙት። ከሁሉ የደነቀን ፍርስራሹን የለቀመው ሰው ብዛት ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ መሬት ለገበሬው ተከፋፈለ፤ በስሙ የሚነግር መንግሥትም ተቋቋመ። ሠርቶ አደሩ ግን ስሙ እንጂ ድምፁ በመንግሥቱ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1980 በግዳንስክ የመርከብ ሥራ ድርጅት አና ቫለንቲኖቪች የተባለች የክሬን ሠራተኛ ከሥራ በመባረሯ ሠራተኛው ሥራ አቆመ። በሌክ ዋሌሳ መሪነት ካቀረባቸው 21 ጥያቄዎች የመጀመሪያው ነፃ የሠራተኛ ማኅበር ነበር፤ «ሶሊዳሪቲ» የተባለውም ማኅበር ወደ ዐሥር ሚሊዮን አባላት አፈራ። በታኅሣሥ 1981 ታንክ ወጣበት፤ በሰኔ 1989 በድምፅ መስጫ ሣጥን ተመልሶ መጣ። ያ የመርከብ ሥራ ድርጅት ራሱ በ1996 መክሰሩን ደግሞ በነፃ ገበያ ለሚምሉ ሁሉ ሳንነግራቸው አናልፍም።

በኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገባርና ጭሰኛ የሚባለውን ስም ከኢሉባቦር አጠፋ። ትልቅ ቀን ነበር። ነገር ግን መሬቱን ያገኘው ገበሬ ብዙም ሳይቆይ ምርቱን በተቆረጠለት ዋጋ እንዲያስረክብ፣ ቤቱን አፍርሶ በመንደር ምሥረታ ወደ ተመራለት ቦታ እንዲገባ ታዘዘ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ የፖላንድ አየር ኃይል ሰዎች በሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ከእንግሊዝና ከምዕራብ ጀርመን አብራሪዎች ጋር ተባብረው በተራራማው አገር እህል ለተራበው ያደርሱ ነበር፤ በአውሮፓ ጠላት የነበሩ ሁለት ጦሮች በኢትዮጵያ ተራራ ላይ መተባበራቸው የሚመሰገን ነው። በዚያው ዘመን ከወሎና ከትግራይ የተነሡ አያሌ ቤተሰቦች በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር ደን መጡ። የመጣውም «ትሄዳለህን?» ተብሎ፣ የተቀበለውም «ትሰጣለህን?» ተብሎ በወጉ አልተጠየቀም። የነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ ከአገሬው ጋር ተዋልደዋል፤ ሲሰፍሩ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ግን በየድንበሩ ክርክር ላይ እየተነሣ ነው።

ስለ ያዩም ተመሳሳይ ነገር እንላለን። የያዩ ደን ዱር በቀል ቡና የሚገኝበት በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያው አካባቢ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ ተጀምሮ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ ቆየ። ፋብሪካ ማቆምን አንቃወምም፤ ሠራተኛ ያለ ፋብሪካ አይኖርም። ቡናውን ነቅሎ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ግን በየትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስለ ስንት ዓመት ተጠየቀ? ለዚህ መልስ መስጠት የሚችሉት በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዩና በበደሌ የምትኖሩ የቀበሌና የሠራተኛ ማኅበር አባላት ናችሁ።

ሌላም የምንጠይቃችሁ አለ። የራጽዋቪጼ ጦር ሜዳ የአንድ ገበሬ ስም አስቀርቷል። በ1929 ዓ.ም. ከጎሬ እስከ ጎጀብ በተደረገው ጉዞ የራስ እምሩን ስም እናውቃለን፤ በዚያ ጉዞ ስንቅ ከተሸከሙት ገባሮች ግን የአንዱንም ስም አላነበብንም። አባቱ ወይም አያቱ ከነዚያ አንዱ የነበረ፣ ታሪኩንም በቤቱ ሲነገር የሰማ ሰው በቀበሌያችሁ ካለ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ እንዳለ ጻፉት፤ ለመቱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም አንድ ቅጂ አኑሩለት።